የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በእንፋሎት የምትበር መኪና

የሥነ ጥበብ ክበባችን ዘንድሮ 28 አባላትን ይዞ ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሲሠራ ቆይቷል። የጥቅምትና የኅዳር ስብሰባዎች በምዝገባ፣ በሥራ ክፍፍልና በመስመር አጣጣል ልምምድ አልፈዋል። ዋናው ሥራችን የተጀመረው በታኅሣሥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል የምትበር መኪና በስቲምፓንክ ስልት፣ ማለትም በናስ፣ በቧንቧና በጥርስ ጎማ በተሞላው የእንፋሎት ዘመን መልክ እንዲሥል ነበር።

«የሌለ መኪና ከመሣል ያለውን መሣል አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም ደርሶኛል። ያለውን መኪና የሚሥል ልጅ ያየውን መገልበጥ ይበቃዋል። የሌለውን የሚሥል ግን ክንፉ በምን እንደተያዘ፣ እንፋሎቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ መሪው የትኛውን ጎማ እንደሚያዞር ራሱ መወሰን አለበት፤ ይህን ለመወሰን ደግሞ እውነተኛ ማሽን ቀርቦ ማየት ግድ ይለዋል።

ከባዶ አልተነሣንም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሰን እ.ኤ.አ. በ1842 የፈጠራ መብት የጠየቀበት የአየር የእንፋሎት ሠረገላ 45 ሜትር ገደማ የሚዘረጋ ክንፍ የታሰበለት ነበር፤ በከተሞች ላይ ሲበር የሚያሳዩ ሥዕሎች ታትመው ተሠራጩ እንጂ ሠረገላው በሙሉ መጠኑ አልተሠራም። ፈረንሳዊው ክሌማን አዴር እ.ኤ.አ. በ1890 የሌሊት ወፍ የመሰለ ክንፍ ባላት የእንፋሎት መሣሪያው ከመሬት ጥቂት ብድግ ብሎ 50 ሜትር ያህል ተጓዘ። አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1917 ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ያሳያት ባለ ሦስት ንብርብር ክንፍ መኪና በነዳጅ ሞተር የምትሠራ ብትሆንም ከአጭር ብድግታ አላለፈችም። ተማሪዎቼን ይበልጥ ያከራከራቸው የእንፋሎቱ ጉዳይ ነው፤ እንፋሎቱ የሚፈላበት ጋን፣ ውሃውና ማገዶው አንድ ላይ ሲደመሩ ክንፉ የማይችለው ሸክም ይሆናሉ። ከዚያ ክርክር በኋላ ጋኑን ከመኪናዋ ጭራ ላይ አንሥተው ወደ ክንፎቹ መካከል ያመጡት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ አዝዣቸው አይደለም።

በየካቲት ወደ አሮጌው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሄድን። አውቶቡስ ስላልተፈቀደልን በእግራችን ነበር የተጓዝነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ደርሶ ድሬዳዋን የቆረቆረ ባቡር ከደጃችን እያለ የእንፋሎት ዘመንን በፈረንጅ ፎቶግራፍ ብቻ ማስተማር ለእኔ አሳፋሪ ነገር ነው። እዚያ የተቀበሉን ጡረታ የወጡ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ነበሩ። የልጆቹን ንድፍ አንድ በአንድ ሲመለከቱ ቆይተው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ዘንድ ሲደርሱ ቆሙና «ልጄ፣ ይህ ክንፍ በምን ተያዘ?» አሏት። መልስ አልነበራትም። እጇን ይዘው ወደ አንድ አሮጌ ፉርጎ ወሰዷትና ጣቷን ከቆርቆሮው ላይ አሳረፉላት፤ ራሳቸው የተድበለበለ ሪቬቶች፣ ማለትም ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የሚያያይዙ የብረት ችንካሮች፣ በእኩል ርቀት ተደርድረው ነበር። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በአውራ ጣቷ ለካች፣ ቆጠረች፣ ጻፈች። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን እምብዛም የማልሰማት ይህች ልጅ የመመለሻው ሰዓት ደርሶ ስጠራት «ቲቸር፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፤ የበሩን አልቆጠርኩም» አለችኝ። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከዚያ ቀን የሚበልጥብኝ ጥቂት ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ሥራ የምንሠራበት ክፍል በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለመጋዘንነት ስለተፈለገ ወደ መተላለፊያው ወጣን፤ በሚያዝያ ዝናብም 11 ሥዕሎች ከጣራ በሚያፈስ ውሃ ተበላሹ። ሰባቱ እንደገና ተሠርተዋል፣ አራቱ ግን ቀርተዋል። ሁለት ኮምፓስ ለ28 ተማሪ ሲዳረስ አንድ ጥርስ ጎማ ለመሣል የሚወስደውን ጊዜ አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

የተጠናቀቁት 24 ሥዕሎች በወላጆች ቀን ቀርበው አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተሰቅለዋል። የዚያች ተማሪ ሥራ በግራ በኩል ሦስተኛው ነው። ትልቅ ወረቀት ስላልነበረን ሁለት ወረቀት አጣብቃ የሠራችው ሲሆን መጋጠሚያው የሚያልፈው በክንፉ መሃል ለመሃል ነው፤ እሷም በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ፣ ከፉርጎው ላይ በለካችው ርቀት፣ ሁለት ረድፍ ሪቬት ደርድራበታለች። ቀርቦ ያላየ ሰው መጋጠሚያው የወረቀት መሆኑን አያውቅም።

ለመጪው ዓመት ክበቡ የሚጠይቀው 60 ትልልቅ የሥዕል ወረቀት፣ 10 ኮምፓስ፣ ቀለም እርሳስና ጣራው የማያፈስ አንድ ክፍል ነው። ማገዝ የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ዕቃውን በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ሊያስረክቡን ይችላሉ፤ ክፍሉን በተመለከተ ደግሞ ጥያቄያችንን በጽሑፍ አቅርበን ምላሹን እየጠበቅን ነው።