ስለ አሮጌዋ ሴሊካ

ይድረስ ለወንድሜ ዳዊት፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንዲህ ተጠፋፍተን መክረማችን ደስ አይልም። ዛሬ ግን ካንተ በቀር ለማንም ብነግረው የማይገባው ወሬ አለኝ።

ቶዮታ ሴሊካ ነዳሁ። የመጀመሪያውን ሞዴል! እዚሁ ደብረ ብርሃን ጎረቤታችን ግቢ በሸራ ተሸፍና ኖራ፣ የወንድሙ ልጅ አስነሳት። ክብ መብራቶቿ፣ ረጅሙ ኮፈኗ፣ ሁለቱ በሮቿ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ላሜራዋ ከታች ዝጓል፣ ወንበሯም ተቀዷል። ይሄ ይጠገናል።

ቶዮታ ይህችን መኪና ገበያ ላይ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ነው። ከሥር ካየሃት የቶዮታ ካሪና እህት ናት። ሞተሯ ባለ 4 ፒስተን፣ 1588 ሲሲ ሲሆን፣ ጉልበቱ 100 ፈረስ ገደማ ነው። ጂቲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ካምሻፍቱ፣ 115 ነበረው፤ ይህች ግን ተራዋ ናት። «100 ምን ያደርጋል?» እንደምትል አውቃለሁ። ክብደቷ ግን አንድ ቶን አይሞላም። የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። ከኋላ ያላት ደግሞ ባልስትራ ሳይሆን ሞላ ነው፤ ኩርባ ላይ አትዘልም።

ደጋው ግን ይፈትናታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ከ100 ፈረስ የሚተርፈው 75 ያህል ነው ማለት ነው። ቤንዚኑም ከአየሩ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። ወደ ጉዶ በረት ስንወጣ አራተኛ ማርሽ ላይ አልሄድ አለች። ሦስተኛ አስገብቼ ሞተሩን ሳስጮኸው ግን ነፍስ ዘራች። እንቅልፋም ነጂ አትወድም፤ ማርሽ እየቀያየርክ መሥራት አለብህ። እኔ የወደድኳት በዚህ ነው።

ጣርማበር ጉም ነበር። ጣልያን የሠራውን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት፤ ፍሬኑ ሳይግል ወረድን። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። መሪዋ ለዘመኗ ከባድ አይደለም፤ ጎማው የረገጠውን ሁሉ እጅህ ላይ ትነግርሃለች። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌላ መኪና ሆነች። አየሩን ስታገኝ እንዴት እንደምትስብ ብታይ!

ችግሩም እዚህ ነው። ካርቡሬተሩን ለደብረ ብርሃን ካስተካከልከው፣ ቆላ ስትወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል። ለቆላ ካስተካከልከው ደጋ ላይ ጭስ ነው። ለደጋው አስተካክሎ ቆላ ሲወርድ ረጋ ብሎ መንዳት ይሻላል እላለሁ። አንተስ?

ያስነሳት ልጅ ግን ሞተሩን አውጥቶ አዲስ ሊገጥምባት ነው። እባክህ ደውለህ አስቁመው፤ አንተን ይሰማል። ከፊት ከባድ ሞተር ከጫነባት ያ ቅልጥፍናዋ ይጠፋል። ደግሞ የዚህ ሞተር ዘመዶች የዚያን ዘመን ካሪናና ኮሮላ ውስጥ ስላሉ፣ መለዋወጫ የፈለገ ያገኛል። ታናናሾቿ፣ ከእሷ በኋላ የመጡት ሴሊካዎች፣ የኬንያውን የመኪና ውድድር ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ተከታትለው አሸንፈዋል፤ ይህንንም ንገረው፣ ልጅ ነውና ይገባዋል።

ሶማሌ ተራ ስትወጣ ለዚህ ሞተር የሚሆን የካርቡሬተር ጋስኬት ፈልግልኝ። ዋጋውን ንገረኝና ወዲያው እልክልሃለሁ። ለፋሲካ ከመጣህ ደግሞ እስከ ሸዋ ሮቢት አንተ ትነዳታለህ፤ ባለቤቱን ለምኜ እሺ ብሎኛል። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ጌታቸው