በአንዲት «አ» የተሳሳትኩ አስጎብኚ
ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር በጀልባ እንግዳ የማመላልስ አስጎብኚ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ጥፋቴን ልናዘዝ ነው። ለዓመታት በአንድ ዕቃ ቤት ያለ የብራና መጽሐፍ እያሳየሁ «የደረሰው እገሌ ነው» ስል ኖሬአለሁ። ስሙን ያገኘሁት ከአጠገቡ ከተለጠፈች ወረቀት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የቅኔ መምህር አብረውኝ መጡ። የመጨረሻው ቅጠል ሲገለጥላቸው «ና እየው» አሉኝ። ጽሑፉ «ዘአጽሐፎ» ይላል። «ዘጸሐፎ» ማለት የጻፈው፣ «ዘአጽሐፎ» ማለት ያስጻፈው ነው። የአንዲት «አ» ልዩነት ናት! እኔ ደራሲ ያልኩት ሰውዬ ከፋዩ ነበር። የጻፈው ቢገኝ እንኳ ገልባጭ ሊሆን ይችላል፤ ቁም ጸሐፊና ደራሲ ለየቅል ናቸው።

ደግሞ ስሙ ያረፈበት ብራና ሻካራ ነው። በቢላ ተፍቋል። ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉት ከሥሩ የአንድ ፊደል እግር ብቅ አለ። መጽሐፍ ባለቤት ሲቀይር የቀድሞውን ስም ፍቆ የራስን መጻፍ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ከፋዩም ሁለተኛ ባለቤት ሳይሆን አይቀርም።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እዚሁ ጣና ዳር በ1672 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ገላውዴዎስን የምናውቀው ስሙን ራሱ ስለነገረን ነው። ሁሉም እንደሱ ደግ አልነበረም። ስም መኖሩም ብቻውን አይበቃም። የእንፍራዙን የፍልስፍና ድርሰት፣ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን ተመልከቱ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. «የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው» ካለ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ስም ያለው እንዲህ ካጨቃጨቀ፣ ስም የሌለውን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት መገላገል ምን ይባላል?

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ወረቀቷ «ያስጻፈው» ተብላ ትስተካከል፤ ደራሲው እስኪገኝ ቦታው ባዶ ይሁን። የተፋቀው ቦታ ከጎን በሚበራ መብራት ፎቶ ይነሳ። ኅዳጉ (የገጹ ጠርዝ) ላይ የተጫሩት የርስት ማስታወሻዎችም አይዘለሉ፤ መጽሐፉ የት የት እንደዞረ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ጥራዙን ግን ማንም እንዳይፈታው አደራ።

መምህሩ ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ ብለዋል። ካሜራ የሚይዝ ባለሙያ ብትልኩ ጀልባዬ በነጻ ናት። ቤንዚኑም በኔ።