«ኖሮም አያውቅም» ላሉን ኃላፊ

ይድረስ ለወረዳችን የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ወረዳውን በስም አልጠራሁም። የመንደራችንንም ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እርስዎ ዘንድ ባሉት አራት ማመልከቻዎቼ ላይ በጉልህ ተጽፏልና። ማመልከቻዎቹ ጠፍተው ከሆነ ቅጂያቸው በእጄ አለ። ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ ቅጂ ሳላስቀር ሰላምታ እንኳ አልሰጥም።

ጉዳዩን ያውቁታል። በቀድሞው ቃሉ አውራጃ፣ ከቦርከና በላይ ካለው ተረተር ላይ የነበረው መንደራችን ለድንጋይ ካባ ሊሰጥ ነው። እኔ ካባው ይቅር አላልሁም። የመቃብሩ ቦታ ተለክቶ ይከለል፣ ለዚህም ሲባል መንደሩ በመዝገብ ይታወቅ ነው ያልሁት። ባመለከትሁ በአሥራ አንደኛው ወር ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። «በተጠቀሰው ስም የሚጠራ መንደር በመዝገባችን አልተገኘም። ኖሮም አያውቅም።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እቀበላለሁ። የይዞታ ደብተር ምዝገባ በክልላችን የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ የተበተነ መንደር በዚያ መዝገብ ላይ ከየት ይመጣል? ያንገበገበኝ ሁለተኛው ነው። «አልተገኘም» የፈላጊ ቃል ነው፤ ፈልጋችሁ ከሆነ ማለቴ ነው። «ኖሮም አያውቅም» ግን የምስክር ቃል ነው። ለመሆኑ ማን ነበር ምስክሩ?

እናቴ ነበረች። ግንቦት 1976 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ቆጣሪው ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ አሬራ ቀድታለት፣ ልጅ ስንት ነው ሲላት አምስት ማለቷን ዛሬም ታስታውሳለች። በዓመቱ የቀረነው ሁለት ነን። አባቴ የሞተው በ1977 ጥቅምት ላይ ነው። ከፈን የሚሆን ጨርቅ ከመንደሩ ሁሉ ጠፍቶ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ ተቀበረ። ከዚያ በእግር ወደ ባቲ መጠለያ፣ ከባቲ በሰፈራ መኪና ወደ አሶሳ። ያን ጊዜ በሰፈራ ከቀዬው ከተነሣው ወደ 600 ሺህ ከሚጠጋ ሰው ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። ይህን ለእርስዎ መንገር አያሻም፤ አያቶችዎን ቢጠይቁ ከኔ በተሻለ ይነግሩዎታል።

ስሙ እንዴት እንደጠፋም ያውቁታል፤ ሥራዎ ነውና። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበር ከ20 ጋሻ ባላነሰ መሬት ላይ እንዲቋቋም ሲያዝ፣ አምስት ስድስት ጎጥ በአንዱ ስም ተጠቃለለ። የገበሬ ማኅበሩ ቀበሌ ሆነ፤ ቀበሌው ከሌላው ተደረበ፤ በመጨረሻም ቁጥር ተሰጠው። በ1983 ስንመለስ የኛን ቦታ የሚጠራው ያ ቁጥር ነበር።

እኔ መምህር ነኝ፤ ክረምት አለኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ድሮ የካርታ ሥራ ድርጅት ይባል ከነበረው መሥሪያ ቤት የአካባቢያችንን 1 ለ50,000 ካርታ ገዛሁ። አንድ ሳንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ስሙ የሰፈረው በላቲን ፊደል ስለሆነ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ መለየት ይቸግራል፤ ዓይኔ ሁለት ጊዜ አልፎታል። ጮክ ብዬ ሳነበው ነው ጆሮዬ ያወቀው። ቀጥዬ ከአየር የተነሡትን ፎቶግራፎች አየሁ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በተነሣው ላይ የጎጆዎቹ ክዳን እንደ ተበተነ ምስር ተረተሩ ላይ ተዘርቷል። በ1978ቱ ላይ የቁልቋሉ አጥር ክብ ክብ ሆኖ ቀርቷል እንጂ በውስጡ ምንም የለም።

የመጀመሪያውን አስፋፍቼ ለእናቴ ወሰድሁላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ እንዲህ ያለ ወረቀትም አይታ አታውቅም። አዙራ አዙራ ካየችው በኋላ «ቂብላው ወዴት ነው?» አለችኝ። መካ ከኛ አገር ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነውና የወረቀቱን ራስ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ እኔን አላስፈለጋትም። መስጊዱን፣ ሾላውን፣ የወንዙን መውረጃ በጣቷ እየተከተለች መጥታ አንዲት ነጥብ ላይ ቆመች። «ይቺ የኛ ናት» አለች። ጣቷን ለረጅም ጊዜ አላነሣችም።

የእናት ጣት ለጽሕፈት ቤት ማስረጃ አይሆንም ይሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ራስዎ ግቢ እንመለስ። ባለፈው ሐምሌ «ኃላፊው መስክ ናቸው» ተብዬ ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ፣ ዘበኛው ደረጃው ሥር እንደ ዱካ የሚቀመጡበት የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። አፉ ተፈትቶ የመዝገብ ጥግ ብቅ ብሏል። ጠየቅኋቸው፤ ደግ ሰው ናቸውና ከተቀመጡበት ተነሥተው አሳዩኝ። የገበሬ ማኅበር የግብር መዝገብ ነው። የመንደራችን ስም በራሳችን ፊደል፣ ጠ ጠ ሆኖ፣ ቀ ቀ ሆኖ ተጽፏል። ከሥሩ የአባወራዎች ዝርዝር አለ፤ ዘጠነኛው አባቴ ነው። በስሙ ትይዩ የአውራ ጣቱ አሻራ አርፏል፤ የአባቴን ጣት ያየሁት ከአርባ ዓመት በኋላ እዚያ ነው።

ቅጂ ስጠይቅ ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ። ደብዳቤ ባመጣሁ ጊዜ ባለሙያዎ «የድሮው መዝገብ በጦርነቱ ተቃጥሏል» አሉኝ። በ2014 ስንት ቢሮ እንደተዘረፈ እኔም እዚሁ ሆኜ አይቻለሁ፤ ማንም አይነግረኝም። ይህ ጆንያ ግን ከጦርነቱ ተርፏል። ከእናንተ መትረፉን እንጃ። «ኖሮም አያውቅም» የሚለው ደብዳቤ የተፈረመው እኔ መዝገቡን ባየሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ፈራሚው ከጆንያው በላይ፣ በዚያው ደረጃ፣ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ከርሟል።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመረጃ ጠያቂ በ30 ቀን መልስ እንዲሰጥ፣ ክልከላም ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያዛል። የመንግሥት መዛግብትን የሚመለከት አዋጅ መኖሩንም ያውቃሉ፤ ቁጥሩ 179/1991 ነው። በዚያ አዋጅ ውስጥ ስለ ዱካ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።

የምጠይቀው እንዲያጥር አድርጌዋለሁ። ሁለቱ ቃላት በጽሑፍ ይሰረዙልኝ፤ ዶማና ድማሚት ከመግባታቸው በፊትም መቃብሩ ይለካ። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት እናቴን ይዤ እመጣለሁ። መስክ ከሆኑም ግድ የለም፤ ጆንያው የት እንዳለ ዘበኛው ያውቃሉ።

ከአራቱ ማመልከቻዎች ባለቤት