ሰው የነከሰው ቁስል ቡና አይነሰነስበትም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ሰሞኑን ጠላ ቤት የተጣሉ ሁለት ጎረምሶች ጆሮ መናከሳቸውን አስነብባችሁን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ ነካሹም እንደዚያ ጆሮ ነካሽ ቦክሰኛ «ታይሰን» ተባለ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝና ሳቁ አልመጣልኝም። ዜናው ተነካሹ ይታከም አይታከም አንድ ቃል አልተናገረም።

እኛ ዘንድ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ውሎ አድሮ ነው። ጆሮው አብጦና ቀልቶ፣ የቡና ዱቄት ከደም ጋር ተጋግሮበት። ቡናውን ማንሳቱ ብቻ ፍዳ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ስንለው «ሽቦ ቧጨረኝ»፤ የጥርሱ ረድፍ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያፍራሉ። ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ስለ ቁስሉ የሚጠይቅ የለም።

«የሰው ጥርስ ምን ያደርጋል፣ ውሻ አልነከሰው!» ይባላል። ለእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ ልክ ነው። በመመርቀዝ ግን የሰው ንክሻ የሚናቅ አይደለም። ጆሮ ደግሞ የባሰበት ነው። ቀጥ አድርጎ የያዘው ለስላሳ አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። ያ ሲመረቅዝ አጥንቱ ይሞትና ጆሮው ተጨማዶ ይቀራል። የፊት ቁስል ግን ደም እንደ ልብ ስለሚደርሰው ቶሎ ከመጡና በደንብ ከታጠበ በክር ሊሰፋ ይችላል።

እናም በመጀመሪያ ውሃና ሳሙና፣ እስኪሰለች ድረስ። ከዚያ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ። ተቆርጦ የወደቀ ካለ አይጣል፤ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ አስሮ፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጎ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በረዶው ሥጋውን መንካት የለበትም። የቴታነስ ክትባትም ይጠየቅ። ክሎክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ለምዶብናል፤ ከሰው አፍ ተሕዋስያን አንዱ፣ ኤይኬኔላ፣ ለእሱ አይበገርም። ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ኦግመንቲን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ነው። ኤችአይቪ በንክሻ የመተላለፉ ነገር እጅግ አነስተኛ ነው። የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። አንዳንድ ቦታ ተጎጂው «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጣ» ይባላል። ጉንጩን በነጠላ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወረፋ ሲጠብቅ የመሸበት ልጅ አውቃለሁ። ወረቀቱ የትም አይሄድ! ቁስሉ ይታጠብ፣ ቦታውና ስፋቱ ካርዱ ላይ ይስፈር፤ ፍርድ ቤቱም በኋላ የሚፈልገው እሱኑ ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ «በውሃና በሳሙና ታጥቦ በዕለቱ ይታከም» የምትል አንዲት መስመር ከሥሩ ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ