የማዕቀቡን ሒሳብ ደቡብ ኮሪያ ብቻዋን ለምን ከፈለች?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በኢራን ላይ በኑክሌር መርሐ ግብሯ ምክንያት ተጥሎ ኋላም ተነሥቶ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 መጨረሻ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብሪታንያ፣ በፈረንሳይና በጀርመን ጥያቄ ተመልሶ ከተጣለ ወዲህ፣ በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በዋሽንግተንና በቴህራን ላይ ነው። ከሁለቱም ጋር ሲነግዱ የኖሩና ወገናችሁን ለዩ የሚባሉ አገሮች የሚነሡት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲነሡም ብዙ ጊዜ ለወቀሳ ነው። ደቡብ ኮሪያ «የኢራንን ገንዘብ ለዓመታት ይዛ አልሰጥም አለች» የሚለው አነጋገር በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥመኝ፣ ነገሩ ከሥሩ እንዴት እንደመጣ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

በቅድሚያ አቋሜን ልግለጽ። የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚደረገውን ጥረት በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ደቡብ ኮሪያም ብትሆን ይህን ጥረት የምትጠላበት አንዳች ምክንያት የላትም። እሷ ራሷ በ1970ዎቹ የጀመረችውን የጦር መሣሪያ ዕቅድ በአሜሪካ ግፊት ትታ በ1975 የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያግደውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀች፣ ከዚያም ጎረቤቷ ሰሜን ኮሪያ ከዚሁ ስምምነት ወጥታ በ2006 የመጀመሪያውን ቦምብ ስትሞክር በቅርብ ርቀት የተመለከተች አገር ናት። ስለዚህ የሴኡል ችግር በዓላማው ላይ የተነሣ ጥርጣሬ አልነበረም። ችግሩ ሸክሙ የተከፋፈለበት መንገድ ነበር።

የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 9 ቀን 2010 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1929 በመሣሪያ ሽያጭ፣ በተወሰኑ ድርጅቶችና በባንክ አሠራር ላይ ጥብቅ ገደብ ቢያስቀምጥም የኢራንን ድፍድፍ ነዳጅ መግዛትን አልከለከለም። በነዳጁ ንግድ ላይ የመጣው ጫና ከምክር ቤቱ ውጭ የመነጨ ነው። አሜሪካ ከሦስት ሳምንት በኋላ ባጸደቀችው ሕግ፣ ከተከለከሉ የኢራን ባንኮች ጋር የሚሠራ የውጭ ባንክ ከአሜሪካ ባንኮች ጋር ያለው የሒሳብ ግንኙነት ሊቋረጥበት እንደሚችል አስታወቀች። ለአንድ የሴኡል ባንክ ይህ ማለት በዶላር መሥራት ማቆም ነው፤ በንግድ ለሚኖር አገር ደግሞ ባንኮቹ በዶላር መሥራት አቆሙ ማለት ወደቦቹ ተዘጉ ከማለት ብዙም አይለይም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቾናን የተባለችው የደቡብ ኮሪያ የጦር መርከብ ሰጥማ 46 መርከበኞች ሞተው፣ ሴኡልም ያጠቃቻት ሰሜን ኮሪያ ናት ብላ ስለነበር፣ ሴኡል የአሜሪካን ድጋፍ በእጅጉ ትፈልግ ነበር፤ ከአሜሪካ ጋር የተፈራረመችው የነፃ ንግድ ስምምነትም ገና በኮንግረስ አልጸደቀም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀርብን ጥያቄ እንቢ ማለት የሚቻለው በወረቀት ላይ ብቻ ይመስለኛል።

ደቡብ ኮሪያ ከምትገዛው ድፍድፍ ነዳጅ በዚያን ጊዜ አንድ አሥረኛ ያህሉ የሚመጣው ከኢራን ነበር። በመስከረም የራሷን ማዕቀብ ካወጀች በኋላ፣ ንግዱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ አንድ ዘዴ ተገኘ። የነዳጁ ዋጋ ወደ ቴህራን መላኩ ቀርቶ፣ በኢራን ማዕከላዊ ባንክ ስም በሁለት የኮሪያ ባንኮች በተከፈተ ሒሳብ በኮሪያ ገንዘብ በዎን ይቀመጣል፤ ለኢራን ማቀዝቀዣ ወይም ብረት የሸጠ የኮሪያ ፋብሪካ ደግሞ ክፍያውን ከዚያው ሒሳብ ይወስዳል። ገንዘቡ ከሴኡል ሳይወጣ ዕቃው ይሄዳል፣ ነዳጁ ይመጣል። አሜሪካ አሠራሩን ታውቀው ነበር፤ ሳትቃወምም ለዓመታት ዘልቋል። «ያዘች» የሚባለው ገንዘብ መነሻው ይኸው ነው።

በ2012 የአውሮፓ ኅብረት የኢራንን ነዳጅ ለሚጭኑ መርከቦች መድን እንዳይሰጥ ሲከለክል፣ የዓለምን ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በአብዛኛው የሚሸፍኑት የአውሮፓ መድን ሰጪዎች ስለነበሩ የኮሪያ ግዢ ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ። ጃፓን በበኩሏ ፓርላማዋ ባጸደቀው ሕግ መንግሥት ራሱ ለመርከቦቹ ዋስ እንዲሆን አደረገች። ሁለቱም የአሜሪካ የቅርብ ወዳጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱም መፍትሔውን የፈለጉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ነበር።

ዋናው ጉዳት ግን የደረሰው ኋላ ነው። አሜሪካ ኃያላን አገሮች በ2015 ከኢራን ጋር ካደረጉት የኑክሌር ስምምነት በግንቦት 2018 ወጣች፤ በኅዳር ደቡብ ኮሪያን ጨምሮ ለስምንት ገዢዎች የኢራንን ነዳጅ መግዛት እንዲቀጥሉ የ180 ቀን ፈቃድ ሰጠች፤ በግንቦት 2019 መጀመሪያ ላይ ፈቃዱን ሳታድስ ቀረች። በሴኡል ባንኮች ተጠራቅሞ የነበረው ሰባት ቢሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ በዚያው ተቆለፈ። ሴኡል ብትለቀው ባንኮቿ ይቀጣሉ፤ ባትለቀው የነዳጁን ዋጋ ያልከፈለች ባለዕዳ ትሆናለች። ጥር 4 ቀን 2021 የኢራን አብዮታዊ ዘብ በሆርሙዝ የባሕር ወሽመጥ አቅራቢያ ሃንኩክ ኬሚ የተባለችውን የኮሪያ መርከብ ከሃያ ሠራተኞቿ ጋር ያዘ። የተሰጠው ምክንያት የባሕር ብክለት ነበር፤ ይሁን እንጂ የኢራን መንግሥት ቃል አቀባይ ስለ እገታ ሲጠየቁ ገንዘባችንን ያገተችው ደቡብ ኮሪያ ናት ብለው መለሱ። ከሃያዎቹ መርከበኞች አሥራ አንዱ የምያንማር ዜጎች እንደነበሩ ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ስለ ዩራኒየም ማበልጸግም ሆነ ስለ ዶላር ሒሳብ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። መርከቧና ካፒቴኗ የተለቀቁት በሚያዝያ ነው። በጥር 2022 ደግሞ ኢራን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የድምፅ መብቷን ያጣችበት 18 ሚሊዮን ዶላር ውዝፍ መዋጮ፣ በአሜሪካ ፈቃድ፣ ከዚያው ከታገደው ገንዘብ ላይ ተከፈለ። ቀሪው፣ የዎን ምንዛሪ በመውረዱ ጭምር ወደ ስድስት ቢሊዮን ዶላር ዝቅ ብሎ፣ በመስከረም 2023 በአሜሪካና በኢራን መካከል በተደረገ የእስረኞች ልውውጥ ምክንያት ወደ ኳታር ተዛወረ። ገንዘቡ መቼና በምን ምክንያት እንደሚንቀሳቀስ በመጨረሻ የወሰነችው ዋሽንግተን ነበረች።

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 50፣ ምክር ቤቱ በወሰነው እርምጃ ምክንያት የተለየ የኢኮኖሚ ችግር የገጠመው አገር መፍትሔ ለመሻት ምክር ቤቱን የማማከር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1990 በኢራቅ ላይ ማዕቀብ ሲጣል ዮርዳኖስ ይህን አንቀጽ ይዛ ቀርባለች። ሴኡል ግን በአብዛኛው የተጎዳችው ምክር ቤቱ ባልወሰነው ነገር ስለሆነ ይህ በር አልተከፈተላትም። ሁሉም ነገር በምክር ቤቱ በኩል ይሁን ብንል ደግሞ የምክር ቤቱ ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት (ቬቶ) መንገዱን ሊዘጋው እንደሚችል አልዘነጋሁም፤ ሩሲያ በመጋቢት 2024 በሰሜን ኮሪያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ የሚከታተለውን የባለሙያዎች ቡድን ያስቀረችው በዚሁ መብት ነው። ስለዚህ ኃያላን አገሮች ከምክር ቤቱ ውጭ ግፊት ማድረጋቸው ይቀራል ብዬ አልጠብቅም። የምጠይቀው የአንቀጽ 50 መንፈስ በእነዚህ የሁለትዮሽ ጥያቄዎች ውስጥም እንዲገባ ነው። ተባባሪ እንዲሆን የሚጠየቅ አገር የሚጎድለው ነዳጅ ከየት እንደሚተካ፣ መርከቦቹን ማን እንደሚዋስ፣ የሚታገደው ገንዘብ በማን ኃላፊነት እስከ መቼ እንደሚቆይ ከመስማማቱ በፊት በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።

አሁን ማዕቀቡ ስለተመለሰና ሩሲያና ቻይናም አንቀበለውም ስላሉ፣ ነጋዴ አገሮች ያው ጥያቄ በቅርቡ ይቀርብላቸዋል። ጋዜጣችሁ ዘገባውን ሲያዘጋጅ የእነዚህን አገሮች ሒሳብም እንዲመረምርና ደቡብ ኮሪያን በተመለከተ የሚነገረውን ወቀሳ ከላይ በጠቀስኳቸው ጉዳዮች እንዲመዝነው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ