ልኩ የጠፋ ፎቶ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር የሠርግና የምርቃት ፎቶ አነሳለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ለራሴ የማነሳው ግን ሌላ ነው። የደረቀ የሐይቅ ዳር ጭቃ፣ የደንገል ቁራጭ፣ የተጨማደደ ባዶ ማዳበሪያ። ሰው የለበትም፣ ሰማይም የለበትም። የማዳበሪያውን ፎቶ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ "ይሄ የት ያለ ተራራ ነው?" ይለኛል።

ዓይናችን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚገምተው አጠገቡ ካለ ከሚያውቀው ነገር ጋር አስተያይቶ ነው። ሰው፣ ዛፍ ወይም በር ከሌለ ግራ ይገባዋል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ድንጋይ ፎቶ ሲያነሱ መዶሻ ወይም ሳንቲም አጠገቡ የሚያኖሩት ለዚህ ነው። እኔ ሆን ብዬ አላኖርም። ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጌ አነጣጥራለሁ። የሌንሱን ቀዳዳ አጠብባለሁ፣ ያኔ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከፊሉ ከደበዘዘ ነገሩ ትንሽ መሆኑ ወዲያው ይታወቃላ! ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ደግሞ የጭቃው ስንጥቅ ጥላ ይይዝና ገደል ይመስላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ማን ሬይ የተባለው አሜሪካዊ በ1920 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ፣ በፈረንሳዊው አርቲስት በማርሴል ዱሻም የመስታወት ሥራ ላይ የተጠራቀመውን አቧራ ፎቶ አነሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የፓሪስ መጽሔት ሲያትመው "ከአውሮፕላን የታየ" ብሎ ነው ያወጣው።

እናንተ ገጽ ላይ ጣና ሁሌ ጀምበር ስትጠልቅ ነው፣ ታንኳ ነው፣ ፔሊካን ነው። ደስ ይላል። ግን እባካችሁ አንዲት ጥግ ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ስጡ። ምንነቱንም ከሥሩ አትጻፉ፣ ሌላ ገጽ ላይ አድርጉት። አንባቢው መጀመሪያ አተኩሮ ይየው፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋርም ይከራከርበት።

ዜና ላይ የምለምናችሁ ግን ተቃራኒውን ነው። የእንቦጭ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከቅርብ ተነስቶ፣ ጀልባም ዳርቻም ሳይታይበት ይወጣል። ያ አረንጓዴ የአንድ ጓሮ ስፋት ይሁን የሙሉ ቀበሌ ዳርቻ በምን ይታወቃል? ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐይቁን አይቶት የማያውቅ ሰው በዚያች ፎቶ ብቻ ወይ ከልክ በላይ ይደነግጣል፣ ወይ ንቆ ያልፈዋል። ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን የሚነቅሉት ገበሬዎች ፎቶው ውስጥ ይግቡ። ስፋቱ በእነሱ ቁመት ይለካል፤ ድካማቸውም አብሮ ይታያል።

ጥጓን ከከፈታችሁ የጭቃዎቹን ፎቶ በነፃ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ፎቶ አንሺ፣ ከባሕር ዳር