የጦሳው እሳት

ፖርትላንድ፣ ኦሪገን
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናቴ ድሮ ለአሰብ ዘመዶቻችን ስታስጽፈኝ እንደነበረው። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ትንፍሽ ሳይል የኖረ ሰው ስለ ናፍቆት ቢያወራ ማን ያምነዋል? መጨረሻ የተያየነው በ2001 ነው፣ ሸዋ በር፣ የጩጬው ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመን ሻይ የጠጣን ለት። ጦርነቱ በ2014 ደሴ ሲገባ ቀን ከሌት ደወልኩልህ፤ መስመር የለም። መስመሩ ሲመለስ ግን አልደወልኩም። ደህና መሆንህን ከሰው ሰማሁና እሱው በቃኝ። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት፤ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቡናም አፍልቻለሁ፣ ረጅም ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ትልቁ ልጄ ነው። 13 ዓመቱ ነው። በቀደም አንሶላ ልቀይር ብዬ ከአልጋው ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ ርችት አወጣሁ። እዚህ የነጻነት በዓላቸው በነሱ አቆጣጠር ጁላይ 4 ነው፤ ዘንድሮ በእኛ ሰኔ 27 ዋለ። ያን ለት ሰማዩ ሲፈነዳ ያመሻል፤ ሽጉጥ የለመደ ሰፈር እንኳ ውሻው ከአልጋ ሥር ይደበቃል። እኛ ከተማ ውስጥ በነሱ 2022 ርችት መሸጥም መተኮስም ከልክለዋል። ግን ወንዙን በድልድይ ተሻግረህ ዋሽንግተን ግዛት ከገባህ በድንኳን ነው የሚሸጥልህ። የአንዱ ጓደኛው ታላቅ ወንድም ነው ያመጣላቸው። ለአራት ሆነው፣ በዚያው ልጅ መኪና፣ ማውንት ሁድ የሚባለው ተራራ ላይ ወጥተው ሊተኩሱት ተማምለዋል። «ከተማ ውስጥ ክልክል ስለሆነ ነው እኮ ተራራ የመረጥነው» አለኝ፣ ሕግ አክባሪነቱን ሊያስመሰክር። ሳቄን ዋጥኩት። አንተም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው።

መቼም ተራራና እሳት ሲባል እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የኢግል ክሪኩን ነው። በ2009 ነሐሴ 27፣ ቅዳሜ ቀን፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ከፖርትላንድ በስተምሥራቅ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ያለውን ገደላማ ጫካ ሲጎበኝ ርችት ለኩሶ ወደ ገደሉ ወረወረ። ወደ 150 የሚጠጉ መንገደኞች መውጫው ስለተዘጋባቸው ጫካው ውስጥ አደሩ፤ በማግስቱ በሌላ በኩል መርተው አወጧቸው። እሳቱ ያንን የሚያህል ሰፊ ወንዝ በነፋስ ዘሎ ማዶ ሌላ ግዛት ገባ። 20 ሺህ ሄክታር ያህል በላ፤ በአያቶቻችን አለካክ 500 ጋሻ መሆኑ ነው። እኔ ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ጳጉሜን ሊገባ ሲል፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ከየት እንደምንገዛ እየተነጋገርን፣ ጠዋት ስወጣ መኪናዬ ላይ አመድ ተነጥፏል። በጣቴ ነካሁት። የሆነ ሰው ጥፋት በአየር ተጉዞ እኔ መስታወት ላይ እንደ ዱቄት ተቀምጧል።

ልጁን ጫካው ውስጥ 1,920 ሰዓት እንዲሠራና አምስት ዓመት በአመክሮ እንዲቆይ ፈረዱበት፤ ከዚያ ላይ ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ። እንደማይከፍለው ዳኛውም ያውቃል። ጥሩ ጠባይ ካሳየ ከ10 ዓመት በኋላ ክፍያው ሊቆም ይችላል ተብሏል። የታክሲ ሰዎች ያኔ «እንደዚህ ያለ ልጅ ቢገረፍ ነበር» እያሉ ሲማማሉ እኔ ዝም። አንዱ እንዲያውም «አንተ ምነው የልጁ አባት ትመስላለህ?» አለኝ።

የገረመኝ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርህ። ወሩ የእኛው ነሐሴ ነው። እዚህ ግን ክረምትና በጋው የተገላቢጦሽ ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፣ በነሐሴ ጫካው ገለባ ነው። የደሴያችን ተራራ ጦሳ ደግሞ በነሐሴ ምን እንደሚመስል አንተ እዚያው ነህ፤ ከጉሙ የተነሣ ራስህን አታይም፣ ባህር ዛፉ ከሥር እስከ ጫፉ ውሃ ጠጥቷል። እኛ ያንን ሁሉ ስናፈነዳ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ስንል፣ የፍሊት ቆርቆሮ ስንል፣ ያቺን የክብሪት ተኩስ ስንል፣ ተራራው ያልነደደው ዝናቡ ስለጠበቀን ብቻ ነው። ዝናቡ ግን የጠበቀው ዛፉን ነው።

የ1985ን የቡሄ ዋዜማ ማለቴ እንደሆነ ገብቶሃል።

ለልጄ ነገርኩት። ከረጢቱን መሐላችን አስቀምጬ «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሆነህ እንዲህ አታደርግም ነበር?» ሲለኝ፣ ተው ከምለው ብነግረው ይሻላል ብዬ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ወታደሮቹ ጥለውት የሄዱት ምሽግ ውስጥ እንዴት እንደምንገባ፣ ጥይት እንደ ብይ እንደምንለቅም፣ ያን ለት ዝናብ ስለነበረ ከእናትህ ጓዳ በሰረቅነው ላምባ እሳቱን እንዴት እንዳቀጣጠልን። ስለ ጩጬውም ነገርኩት፤ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ሆያ ሆዬን ከሁላችን በላይ የሚያወርድ እሱ እንደነበር፣ ግጥም ሲያልቅብን ከየት እንደሚያመጣው እንደማናውቅ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ከዚያ እዚያች ቦታ ላይ ደረስኩ። «አንዲት ጥይት ብቻ ልንጨምር ነበር የተስማማነው፤ ግን ጓደኛዬ ሦስት ጨመረ» አልኩት።

ወንድምዓለም፣ ለገዛ ልጄ። በገዛ ቤቴ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንዷን አንተ አስቀምጠህ «በሉ ወደ ድንጋዩ!» ብለህ ስትሮጥ፣ እኔ ሁለት ኪሴ ውስጥ ነበሩኝ። ለምን እንዳደረግሁት ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። ድምፁ ይበልጥ እንዲያምር ይሆናል። አንተ 15 ዓመትህ፣ እኔ 13፤ ሁልጊዜ ያንተ ፍንዳታ ስለነበረ አንዴ የኔ እንዲሆን ይሆናል። የመጀመሪያዋ ፈነዳች፣ ጨፈርን፣ ጩጬው አለቀ ብሎ ከድንጋዩ ጀርባ ወጣ። የሚቀር እንዳለ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ቆይ!» ማለት እችል ነበር። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት።

ታክሲ ስነዳ አንድ ወታደር የነበረ ባልደረባ ነበረኝና ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ሰማሁት። ጥይት ጠመንጃ ውስጥ ታፍኖ ካልተተኮሰ በኃይል የሚፈናጠረው አረሩ ሳይሆን ቀለሁ ነው፣ ቀለል ስለሚል አለ። እኔ እኮ ጩጬውን አረር የመታው ይመስለኝ ነበር። አንዲት የቀለህ ስባሪ ናት ግራ ዓይኑን ያጠፋችው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። በጀርባህ አዝለኸው በዚያ ጭቃ ቁልቁል ስትሮጥ እኔ የወለቀች የአንድ እግር ሸራ ጫማውን ይዤ ከኋላ እከተል ነበር። ጫማዋን ለምን እንደያዝኳት እንጃ፤ ሰው የሆነ ነገር መያዝ አለበት። እናቱ ማንንም አልወቀሱም፤ «አላህ ያለው ነው» አሉና ለኛም እየተንቀጠቀጡ ፎጣ ሰጡን። አባትህ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁለታችንንም አቁመው «ማነው የጨመረው?» አሉ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ትልቁ አንተ ነህ» አሉህ። ለቡሄ ብለህ ሁለት ሳምንት ሙሉ የገመድካት ጅራፍ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ ነበር፤ የመጀመሪያው ጩኸቷ አንተው ላይ ሆነ። በሳምንቱ ወረኢሉ አያትህ ዘንድ ሰደዱህ፤ አንድ ዓመት ትምህርትህ ተቋረጠ። እኔ መስከረም ላይ አዲስ ደብተር ይዤ ክፍል ገባሁ።

ያን ለት ስታየኝ ታውቅ ነበር? 32 ዓመት ሙሉ ለራሴ ሁለቱንም መልስ ሰጥቻለሁ። አላወቀም ስል እፎይ እላለሁ፤ ያወቀ እንደሆነስ ስል እንቅልፌን አጣለሁ።

በ2001 ስመጣ ልናገር አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። ጩጬው ግን ቀደመኝ። መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ «ለዚህ ሥራ እኮ ሁሉም ሰው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ ከመጨፈን ተገላገልኩ» አለ፣ ያው እንደ ወሎዬ ወጉ። ሁላችን ሳቅን። ከሁላችን በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፣ ትዝ ካለህ እንባ በእንባ ሆኜ። ከዚያ በኋላ የናንተን ድምፅ በስልክ መስማት አቃተኝ። የጠፋሁት በሥራ ብዛት አይደለም፤ ለሰው ሁሉ የምለው ግን እሱን ነው።

ርችቱን ከልጁ ጋር ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረን አሳደርነው። ትናንት ደግሞ ቁጭ አድርጌ «ሦስት የጨመረው ጓደኛዬ አይደለም» አልኩት። ብዙ አልገረመውም። «ነግረኸዋል?» ብቻ አለኝ። ይኸው ነገርኩህ።

ለጩጬው እኔ ልንገረው ወይስ አንተ ትነግረዋለህ፣ ወይስ ጭራሽ አይነገረው፣ እሱን ላንተ ትቼዋለሁ። እዚያ ያለኸው አንተ ነህ፤ ሱቁ ደጃፍ በየቀኑ የምታልፈው አንተ። ለአባትህ ግን የምነግርበት ጊዜ አልፏል፤ በደህናው ቀን አላደረግሁትም።

አንድ ነገር ቀረችኝ፤ ብተዋት ይሻለኝ ነበር፣ ልጁ ግን በየሰዓቱ ይጠይቀኛል። በርችቱ ፋንታ ስለ ቡሄ ስነግረው፣ የጅራፍ ጩኸት ማለት ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ ሲሄድ የሚሰማ ነው ብለው በትምህርት ቤት አስተምረውት ኖሮ፣ «እናንተ ይህን በእጃችሁ ትሠሩት ነበር?» ብሎ አብዷል። ለነሐሴ 13 እዚህ ያለው ሜዳ ላይ ይዘን ልንወጣ ቃል ገብቼለታለሁ። እኔ ሞክሬ ገመድኩ፤ ሲያርፍ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚለው። አንተን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ካንተ በቀር ግን የሚገምድ ሰው አላውቅም።

ያንተው፣
ከጦሳ ማዶ የቀረው